የሕመም ማስታገሻ አመራረጥ፦ ሕመሙ ከነርቭ መንገድ በየትኛው ቦታ እንደሚነሣ በመለየት

በፋርማሲ መስኮት ፊት በብዛት ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ «ከዚህ ጠንከር ያለ ማስታገሻ የለም?» የሚለው ነው። ጠያቂው ማስታገሻዎች ሁሉ ከደካማ ወደ ጠንካራ በአንድ መሰላል ላይ የተደረደሩ፣ አንዱ አልሠራ ሲል ወደሚቀጥለው መውጣት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። የመሰላሉ ሐሳብ ባዶ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ደረጃ ነበረው። ነገር ግን ያ መመሪያ የተዘጋጀው ለካንሰር ሕመም ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን ሲያቃጥለው ሞርፊን በቅጡ ያላበረደለትን፣ ማታ የሚወሰድ አነስተኛ የአሚትሪፕቲሊን ኪኒን ሊያበርድለት ይችላል። ያው አሚትሪፕቲሊን ትናንት ለተነቀለ ጥርስ አይረባም፤ ለጥርሱ አይቡፕሮፌን ይሻላል። መድኃኒቶቹ የሚለያዩት በጉልበት ከመሆኑ በፊት በነርቭ ሥርዓት ውስጥ በሚሠሩበት ቦታ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አማራጮቹ የሚመዘኑት በአምስት መስፈርቶች ይሆናል፦ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣና መድኃኒቱ የት እንደሚሠራ፣ ለውጥ ለማየት ስንት ጊዜ እንደሚጠይቅ፣ የሚወስደው ሰው ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ጉበትና ሌሎች መድኃኒቶቹ ምን እንደሚመስሉ፣ ሱስ የማስያዝና የሕግ ጣጣ፣ በመጨረሻም ወጪ። አራቱን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት በአጭሩ ያስረዳል። የመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው መስፈርት፦ ሕመም የሚሄድበት መንገድ

በቆዳ፣ በጡንቻ፣ በመገጣጠሚያና በሆድ ዕቃ ውስጥ ጉዳትን ለመለየት የተመደቡ የነርቭ ጫፎች አሉ። ኃይለኛ ጫና፣ አሲድ ወይም ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካቸው መልእክት ይልካሉ። የሚጥሚጣ አቃጣይ ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ምላስን እሳት እንደ ነካው የሚያንገበግበው፣ ሙቀቱን የሚለየውን የነርቭ በር ራሱን ስለሚከፍት ነው። ይህን በር የዴቪድ ጁሊየስ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ለየው፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ሥጋ ሲቆስል ወይም ሲያብጥ ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች በአካባቢው ይመረቱና እነዚህን ጫፎች ስሱ ያደርጓቸዋል። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ለብ ያለ ውኃ እንኳ የሚፋጀው ለዚህ ነው።

መልእክቱ በሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ይጓዛል። ፈጣኞቹ በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር፣ ዘገምተኞቹ ደግሞ ከ2 ሜትር በታች ይሄዳሉ። የእግር ጣት ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ ስለት የመሰለ ውጋት፣ ጥቂት ቆይቶም የሚጠዘጥዝ ሕመም የሚከተለው በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ሕብለ ሰረሰር ነው። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ ሕብለ ሰረሰር ያገኘውን ሁሉ እንዳለ ወደ አንጎል የሚያሳልፍ ቱቦ አይደለም፤ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው። የንክኪ መልእክት በብዛት ሲገባ የሕመሙ መልእክት መንገዱ ይጠብበታል። የተመታ ጉልበትን ማሸት የሚያስታግሰው በዚህ ምክንያት ነው። በሩ በተቃራኒውም ሊበላሽ ይችላል፦ ለረጅም ጊዜ በሕመም መልእክት የተደበደበ ሕብለ ሰረሰር ትንሿን ንክኪ አጉልቶ ማሳለፍ ይጀምራል።

በአንጎል ውስጥ «የሕመም ማዕከል» የሚባል አንድ ቦታ የለም። ታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል መልእክቱን ያከፋፍላል፤ አንዱ ክፍል ሕመሙ የት እንዳለ ይለያል፣ ሌሎች ክፍሎች ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይወስናሉ። ከዚያ አንጎል ወደ ታች መልስ ይልካል። ከግንደ አንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱ ነርቮች በሴሮቶኒን፣ በኖርአድሬናሊንና እ.ኤ.አ. በ1975 በተገኙት ኤንኬፋሊን በተባሉ የሰውነት የራሱ ሞርፊን መሰል ኬሚካሎች አማካኝነት በሩን ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርስ በተነቀለላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒት የሌለበት ነገር ተሰጥቷቸው ሕመማቸው የቀለለላቸው ሰዎች የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰባቸው። «የሐሳብ ነው» ተብሎ የሚናቀው እፎይታ በኬሚካል የሚሠራ እውነተኛ ነገር ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሕመም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከቆሰለ ወይም ካበጠ ሥጋና አጥንት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ራሱ ነርቩ ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ሥጋውም ነርቩም ላይ ጉልህ ጉዳት ሳይኖር ሥርዓቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቀር የሚሰማ ነው። አማርኛ ለምርመራው ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «አመመኝ» ብሎ ባያቆም ይጠቅመዋል። የሚጠዘጥዝ፣ ሲነኩት የሚብስና ቦታው በጣት የሚጠቆም ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት የሚወርር፣ ከድንዛዜ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ሁለተኛውን ያመለክታል፤ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ የሚቀረው ሕመም ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። መላ ሰውነትን የሚቆረጣጥም፣ ቦታውን የሚቀያይር፣ ከእንቅልፍ እጦትና ከድካም ጋር ወራት ያስቆጠረ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል።

ፓራሲታሞል

በዋናነት የሚሠራው በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ነው፤ ያበጠውን ቦታ ብዙም አይነካም። ስለዚህ ለትኩሳት፣ ለቀላል ራስ ምታት፣ ለጥርስና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ላለ ሕመም ይጠቅማል፤ ላበጠ ቁርጭምጭሚት ብቻውን ደካማ ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሰፊ ጥናት ድንገተኛ የወገብ ሕመምን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ፈጥኖ እንደማያድን አሳይቷል።

ትልቁ ጥቅሙ ጨጓራንና ኩላሊትን አለመጉዳቱ ነው። ስጋቱ ጉበት ላይ ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒኖች መብለጥ የለበትም፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ለሆነና አልኮል አዘውትረው ለሚጠጡ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። ብዙ ሰው ልኩን የሚያልፈው አውቆ አይደለም፤ የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ይወስዳል።

ፀረ ብግነት መድኃኒቶች፦ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ

እነዚህ የሚሠሩት ከመንገዱ መነሻ፣ ከቁስሉ ቦታ ነው። ተመራማሪው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው አስፕሪንና ዘመዶቹ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳሉ። ስለዚህ እብጠት ላለበት ሕመም ሁሉ፣ ማለትም ለወለምታ፣ ለጥርስ፣ ለወር አበባ ቁርጠትና ለሪህ፣ ቀዳሚ ምርጫ ናቸው። ለተጎዳ ነርቭ ግን ብዙም አይፈይዱም፤ ነርቩ የሚጮኸው በፕሮስታግላንዲን ምክንያት አይደለምና። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በተለያየ ቦታ ስለሚሠሩ አብሮ መውሰድ ይቻላል፤ ለጥርስ ሕመም የሁለቱ ጥምረት ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል። አይቡፕሮፌንን ከዲክሎፌናክ ጋር መደረብ ግን ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅና የኩላሊትን የደም ዝውውር የሚያግዝ መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ በሰፊው የሚታመን አንድ ስሕተት እዚህ ላይ መታረም አለበት፦ «ጨጓራ ስላለብኝ ኪኒኑን ትቼ የዲክሎ መርፌ ልወጋ» የሚለው። መርፌውም በደም አማካኝነት ጨጓራ ዘንድ ይደርሳል፤ የሚከላከለውን ኬሚካል ከደም በኩል ስለሚያግድ ቁስለቱን ሊያስከትል ይችላል። የጨጓራ ቁስለት የነበረበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊወስደው አይገባም፤ ግድ ከሆነም እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መከላከያ ይታዘዝለታል። የደም ግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያሸና ኪኒን በአንድነት የሚወስድ ሰው ሦስተኛ አድርጎ አይቡፕሮፌን ሲጨምር ኩላሊቱ ሊወድቅ ይችላል። ውኃ ሳይጠጣ በሚዋልበት የጾም ቀንም ኩላሊት በፕሮስታግላንዲን ላይ ይበልጥ ስለሚመካ አደጋው ከፍ ይላል። ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ልትርቀው ይገባል። ደንጊ ትኩሳት በሚከሰትባቸው እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ትኩሳትና ቁርጥማት ያለበት ሰው ምክንያቱ እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ ቢወስድ ይሻላል፤ ደንጊ ደም ሊያፈስ ይችላልና።

የሚቀቡና የሚለጠፉ

ለጉልበትና ለእጅ ጣት መገጣጠሚያ የዲክሎፌናክ ጄል በእኔ ግምት ከሚገባው በታች ነው የሚታሰበው። ወደ ደም የሚገባው መጠን በአፍ ከሚወሰደው አንድ አሥረኛ እንኳ አይደርስም፤ ቆዳ ሥር ቅርብ ለሆኑ መገጣጠሚያዎች ግን ውጤቱ ጥሩ ነው። ወገብና ዳሌ ጥልቅ ስለሆኑ አይደርስባቸውም። ሊዶካይን ያለበት ልጣፍ የተጎዳውን ነርቭ ጫፍ ያደነዝዛል፤ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ቃጠሎ ይሆናል። ካፕሳይሲን ያለበት ልጣፍና ቅባት ደግሞ የሙቀቱን በር ደጋግሞ በመክፈት ጫፉን ያደክመዋል። ይህን ያነበበ ሰው ሚጥሚጣ በዘይት ለውሶ እንዳይቀባ፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳ ያቃጥላል።

የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች

አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሰቲን ከአንጎል የሚወርዱትን በር ዘጊ ነርቮች ያጠናክራሉ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ደግሞ በሕብለ ሰረሰር የሚለቀቀውን የሕመም መልእክት ያሳንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ዐቢይ ግምገማ በአንድ ሰው ላይ የነርቭ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ስንት ሰው መታከም እንዳለበት ሲያሰላ፣ ለአሚትሪፕቲሊን ዓይነቶቹ 3.6፣ ለዱሎክሰቲን ዓይነቶቹ 6.4፣ ለፕሪጋባሊን 7.7 አግኝቷል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱ ይሻላል። ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ነገር ይገኛል፦ ርካሹና አሮጌው አሚትሪፕቲሊን ከውዱ ፕሪጋባሊን የሚተናነስ አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉም ብዙ ሰው ውጤት ሳያገኝ ስለሚቀር አንዱ ባይሠራ ሌላውን መሞከር ተገቢ ነው።

ለውጡ የሚታየው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ነው፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ደግሞም አሚትሪፕቲሊን ለድብርትም ስለሚታዘዝ «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ የሚቀየም አለ፤ ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም የሚጀምር፣ ለድብርት ከሚታዘዘው በብዙ ያነሰ መጠን ነው። የአፍ መድረቅና እንቅልፍ ያመጣል፤ የልብ ምት መዛባት፣ የፕሮስቴት ዕብጠት ወይም የዓይን ግፊት ላለበት አይመከርም። ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን በኩላሊት ስለሚወጡ ኩላሊቱ ለደከመ መጠናቸው ይቀንሳል።

ለነርቭ በስፋት የሚሸጡት የቫይታሚን ቢ ኪኒኖችና መርፌዎች የሚረዱት ቫይታሚኑ የጎደለበትን ሰው ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ ቢ12 ሊጎድልበት ይችላል፤ የቲቢ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ ነርቭን እንዳይጎዳ ቢ6 አብሮ ይሰጣል። ከዚህ ውጭ ገንዘቡን ለሌላ ማዋል ይሻላል። ድንዛዜ ብቻውን ያለ ሕመም ሲመጣም ማስታገሻ የሚፈለግበት ሳይሆን መመርመር ያለበት ነገር ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጣቶቻቸውን የሚያጡት ጀርሙ ጣት ስለሚበላ ሳይሆን፣ ነርቩ ሲሞት ቃጠሎውና ቁስሉ ሳይታወቃቸው ስለሚቀር ነው።

ኦፒዮይዶች፦ ኮዴይን፣ ትራማዶልና ሞርፊን

እነዚህ ሞርፊንና ሞርፊን መሰል መድኃኒቶች በሕብለ ሰረሰርና በግንደ አንጎል ያሉትን የኤንኬፋሊን ተቀባዮች ይይዛሉ። ለከባድ አደጋ፣ ለትልቅ ቀዶ ሕክምናና ለካንሰር ሕመም ተኪ የላቸውም፤ ለካንሰር ሕመምተኛ የሚጠጣ ሞርፊንን ሱስ በመፍራት መንፈግ ጭካኔ ነው። ለወገብ ሕመም ግን ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ኦፒዮይድ ለድንገተኛ የወገብና የአንገት ሕመም ከባዶ ኪኒን እንደማይሻል አሳይቷል። የሆድ ድርቀት፣ ሱስ፣ በብዛት ሲወሰድም ትንፋሽ ማቆም ያስከትላሉ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ የተለየ ነገር አለ። ኮዴይን ብቻውን ያን ያህል አያስታግስም፤ በጉበት ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሠራው። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደጋግሞ የሚገኝባቸው፣ መድኃኒቱን እጅግ ፈጥነው የሚቀይሩ እንደሆኑ አሳይቷል፤ በስዊድን ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የተለመደውን መጠን ወስዶ ያልታሰበ ብዛት ያለው ሞርፊን ደሙ ውስጥ ሊያገኝ ይችላል። የሚያጠባ እናት ብትሆን ደግሞ ሕፃኑ ዘንድ ይደርሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ለሕመም እንዳይሰጡ የከለከለው በዚህ ስጋት ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ቤተሰብ ኮዴይን ሲታዘዝለት ይህን ለሐኪሙ ማንሣት ይችላል፤ የዘረ መል ምርመራው እዚያ ይገኛል። ሞርፊን ራሱ ለዚህ ኢንዛይም ስለማይገዛ፣ ኦፒዮይድ ግድ ሲሆን በመጠን ተቆጣጥሮ መስጠቱ ይቀላል።

ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰውም ሻንጣውን ይመልከት። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ትራማዶል፣ ኮዴይንና ፕሪጋባሊን ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ሐኪም ወረቀትና ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ይዳርጋል።

ያለ መድኃኒት

ሙቀትና ማሸት በሩን በንክኪ ያጠብባሉ፤ በቆዳ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል። እንቅስቃሴ ከአንጎል የሚወርደውን መልስ ያነቃቃል። ለሦስተኛው ዓይነት ሕመም እንቅስቃሴ ከየትኛውም ኪኒን በላይ ድጋፍ ያለው ሕክምና ነው፤ ከትንሽ ተጀምሮ በየሳምንቱ ይጨመራል። ወጌሻ ወለምታን ሲያሽ የሚገኘው እፎይታ እውነት ነው። ስብራት ግን በራጅ ሳይታይ መታሸትም በቀርከሃ ጠብቆ መታሰርም የለበትም፤ ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ደም እንደተቋረጠ ስለሚያመለክት ማሰሪያው ወዲያው መፈታት አለበት እንጂ ማስታገሻ አይደረብበትም።

| አማራጭ | የሚሠራበት ቦታ | የሚስማማው ሕመም | ለውጥ የሚታይበት ጊዜ | ዋና ስጋት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፓራሲታሞል | አንጎልና ሕብለ ሰረሰር | ትኩሳት፣ ቀላል ሕመም | በአንድ ሰዓት ውስጥ | ጉበት | ዝቅተኛ |
| አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ | የቁስሉ ቦታ | እብጠት፣ ጥርስ፣ የወር አበባ፣ ሪህ | በአንድ ሰዓት ገደማ | ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ | ዝቅተኛ |
| የዲክሎፌናክ ጄል | የቁስሉ ቦታ | ጉልበት፣ የእጅ ጣት | ከቀናት በኋላ | የቆዳ መቆጣት | መካከለኛ |
| አሚትሪፕቲሊን | ከአንጎል የሚወርድ መልስ | የነርቭ ቃጠሎ | ከሳምንታት በኋላ | እንቅልፍ፣ የልብ ምት | ዝቅተኛ |
| ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን | ሕብለ ሰረሰር | የነርቭ ቃጠሎ | ከቀናት እስከ ሳምንታት | ማዞር፣ ልማድ | ከፍ ያለ |
| ኦፒዮይዶች | ሕብለ ሰረሰርና ግንደ አንጎል | ከባድ አደጋ፣ ካንሰር | ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት | ትንፋሽ፣ ሱስ | ይለያያል |
| እንቅስቃሴ፣ ሙቀት | በሩና የሚወርደው መልስ | የቆየ ወገብ፣ የመላ ሰውነት ቁርጥማት | ሙቀት ወዲያው፣ እንቅስቃሴ ከሳምንታት በኋላ | ስብራትን ማሸት | አነስተኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው

ጤናማ ወጣት ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ጥቂት ቀን አይቡፕሮፌን ይበቃዋል። ጨጓራ ያለበት ከሆነ ከፓራሲታሞልና ከጄሉ ይጀምር። ጉልበቷ የሚያማትና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ እናት ጄሉንና የጭን ጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴን ብታስቀድም ኩላሊቷን ታድናለች። እግሩን የሚያቃጥለው የስኳር ሕመምተኛ በጀቱ ጠባብ ከሆነ የልብ ችግር እንደሌለበት ከታየ በኋላ አሚትሪፕቲሊንን፣ ልቡ ወይም ፕሮስቴቱ ካልፈቀደ ጋባፔንቲንን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ስኳሩን ማስተካከልም ጎን ለጎን ሊሄድ ይገባል። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለራስ ምታት ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ራስ ምታቱን የሚያመጣበት ራሱ ኪኒኑ ሊሆን ይችላልና፣ ሌላ ከመለወጥ ይልቅ በሐኪም እየታየ ማቆም ይኖርበታል።

በድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም፣ ወይም የእግር መዛልና ሽንት አለመቆጣጠር ያስከተለ የወገብ ሕመም የገጠመው ሰው ከላይ ካሉት የትኛውንም ለመምረጥ ጊዜ አያጥፋ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።